ኢንሱሊን በድሬ ሙቀት፣ ሒና ያለበት ጣት፣ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ባዮፊዚክስ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ መጣ። ባዮፊዚክስ ማለት በፊዚክስ ሕግና መሣሪያ ሕይወት ያለውን ነገር መመርመር ነው። አንዳንዶቻችሁ «አቦ፣ ይሄ ለእኛ ለድሬዎች ምን ይጠቅመናል?» ብላችኋል። መልሱ ከታች ባሉት ጥያቄዎች ውስጥ አለ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የማንንም ስም አላወጣሁም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳቢያን የሚኖሩ አባት ሐኪም ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) አዝዞላቸው ጨረሩን ፈርተዋል።

አባባ፣ ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ ግን ከመግባትዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ።

አንድ ወንድማችን ለደም ግፊት የማግኔት አምባር ገዝቷል። «ደም ውስጥ ብረት ስላለ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ዝውውሩም ይስተካከላል» ብለው ነው የሸጡለት።

አይሠራም። ደም ውስጥ ብረት አለ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ብረቱ ሄሞግሎቢን በሚባለው ፕሮቲን ውስጥ ታስሮ ነው ያለው፤ እንደ ሚስማር በማግኔት የሚሳብ አይደለም። አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግና ባልደረባው በ1936 ይህን ለክተውታል። ኦክስጅን የያዘ ደም ማግኔትን በጣም በትንሹ ይሸሻል፤ ኦክስጅኑን የለቀቀው ደግሞ በጣም በትንሹ ይሳባል። ይቺ ጥቃቅን ልዩነት በ1990 ትልቅ ነገር ወለደች። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሴጂ ኦጋዋ በእሷ ተጠቅሞ የትኛው የአንጎል ክፍል እየሠራ እንደሆነ በኤምአርአይ ማየት እንደሚቻል አሳየ። ያ ማሽን ከአምባርህ እጅግ የበረታ ነው፤ ሰው ሲገባበት ግን ደሙ ወደ አንድ ጎን አይሄድም።

አምባሩን ማድረግ አይጎዳህም። የሚጎዳህ የግፊት ኪኒንህን ማቆም ነው። ደብዳቤህ ላይ «ልተወው አስቤያለሁ» የሚል ነገር አይቻለሁ። ሐኪምህን ሳታናግር እንዳትተው፣ ሀደራ።

ከሐረር፦ አክስቴ ሰርግ ላይ እጇን ሒና ተቀብታ ነበር። ታማ ስትሄድ ጣቷ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥር እንቢ አለ። ሒናው ነው?

ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ጥቁር ሒና ከሆነ። መሣሪያው ቀይ ብርሃንና በዓይን የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም እነዚህን ብርሃኖች የሚያስቀሩት በተለያየ መጠን ነው። መሣሪያው ልዩነቱን አስልቶ ቁጥር ይሰጣል። ሐሳቡን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ታኩኦ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ጥቁር ሒና ብርሃኑን ስለሚጋርደው ንባቡ ይዛባል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ላይ ማድረግ ነው። ቀይ ሒና ያን ያህል አያስቸግርም።

ከሒናው በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት መሣሪያው ደህና ነው ብሎ ያለፋቸው፣ ደማቸው ሲመረመር ግን ኦክስጅናቸው የወረደ ታማሚዎች ተገኙ። ይህ ጥቁሮች ላይ የደረሰው ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የቆዳ ቀለምም ብርሃን ያስቀራል። ስለዚህ ሰው ትንፋሽ አጥሮት እያያችሁ «ማሽኑ ደህና ነው ብሏል» ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

አንድ አባት፦ ልጄ በጣት ደም ምርመራ ወባ የለባትም ተባለ። ሌላ ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ተገኘባት። ማንን ልመን?

ማይክሮስኮፑን። የጣት ምርመራው የሚሠራው ደሙ በወረቀቱ ላይ ራሱን ስቦ ሲሄድ ነው። በመንገዱ ላይ የወባውን ፕሮቲን የሚይዙ፣ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣት የተለጠፈባቸው ሞለኪውሎች ይጠብቁታል። ፕሮቲኑ ካለ ቅንጣቶቹ ተሰብስበው መስመር ይሠራሉ። ብዙዎቹ ምርመራዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ የወባ ተውሳኮች ደግሞ ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ጥለውታል፤ አገራችን ውስጥም ተገኝተዋል። ምርመራው አያያቸውም። ተውሳኩ ገና ጥቂት ሲሆንም ሊያመልጥ ይችላል።

ወባ ለምን እንደሚገድል የገባን በከፊል በባዮፊዚክስ ነው። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ከራሱ በጠበበ ቧንቧ ተጣጥፎ ያልፋል። ኃይለኛው የወባ ዓይነት የገባበት ሴል ግን ደርቆ መተጣጠፍ ያቅተዋል፣ የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል። አንጎል ውስጥ ሲደፍን ነው ልጅ ራሱን የሚስተው። ስለዚህ ትኩሳት ያለባት ልጅ ምርመራዋ «የለም» ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቃት መልሳችሁ ውሰዷት። ካቃዣት ወይም ከደከመች በሌሊትም ቢሆን ውሰዷት።

ሮቷችሁንና በርሜላችሁንም ክደኑ። በ2022 ከተማችን ውስጥ ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ ያስነሳችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ናት፤ የምትራባው ቤት ያጠራቀምነው ውኃ ውስጥ ነው።

አንዲት ልጅ ከገንደቆሬ፦ እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። ፍሪጅ ስለሌለን ኢንሱሊኗን ጎረቤት ነው የምናስቀምጠው። መብራት ሲሄድ ወይም ጎረቤት ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ «ተበላሽቷል» ብላ መርፌውን ትተዋለች። ባለፈው ሁለት ቀን ትታ ሆስፒታል ገባች።

እህቴ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ከፍሪጅ ውጭ የዋለ ኢንሱሊን ሁሉ የተበላሸ አይደለም። መርፌ ማቋረጥ ግን ሊገድል ይችላል። እናትሽ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራ የነገራት ሰው የለም ማለት ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው። የኢንሱሊንን ቅርጽ ያገኘችው እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆጅኪን ናት። የመጀመሪያውን የራጅ ምስል ያነሳችው በ1935 ነው፣ ቅርጹን አሟልታ ያየችው በ1969። ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀባት። ብልቃጡ ውስጥ ስድስት ስድስት ሞለኪውሎች ዚንክ ከበው ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ። ይህ በመታወቁ በ1996 ሁለት የፕሮቲኑ ክፍሎች ቦታ ተቀያይረውለት ቶሎ የሚለያይ፣ ቶሎም የሚሠራ ኢንሱሊን ገበያ ላይ ዋለ። ምግብ ሊበሉ ሲሉ የሚወጉት ያ ነው።

ሙቀት ሲበዛ፣ ወይም ብልቃጡ ደጋግሞ ሲናጥ፣ ቅርጹ ይፈታል። የተፈቱት እርስ በርስ ተያይዘው ቀጫጭን ክር ይሠራሉ። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆን፣ ይህም ተመልሶ ኢንሱሊን አይሆንም። ግን በአንድ ቀን አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2021 ያወጡት ጥናት አለ። ኬንያ ዳዳብ ባለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ቤት ያለውን ሙቀት ለኩ፤ በቀንና በሌሊት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። ያንኑ ሙቀት ላብራቶሪ ውስጥ ፈጥረው ኢንሱሊን ለ4 ሳምንት አቆዩበት። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረው ጋር ሲያወዳድሩት ኃይሉ አልቀነሰም ማለት ይቻላል። ዳዳብ እንደ ድሬ ሙቀት ያለበት ቦታ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ያልተከፈተውን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ተዉት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። በረዶ የሚሠራው ክፍል አጠገብ ግን እንዳይሆን። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተውን ቤታችሁ አምጡት። ሁለት የሸክላ ዕቃ፣ አንዱን አንዱ ውስጥ አስገቡ፤ መሃሉን በአሸዋ ሙሉና ጠዋት ማታ አርጥቡት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውስጠኛው ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። 4 ሳምንት ሲሞላው፣ ባያልቅም፣ ቀይሩት።

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ እንዳታስቀምጡ። እዚያ ከ37 በላይ ይሄዳል። ደፍራሹን ዓይነት መዳፍ መሃል አንከባሉት እንጂ አትነቅንቁት። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ ጣሉት። ደፍራሹ መደፍረሱ ጤናው ነው፤ ነገር ግን ከተንከባለለ በኋላ ጓል ካለው ወይም ብርጭቆው ላይ ነጭ ነገር ከተለጠፈ ጣሉት። ስኳሯ ያለ ምክንያት ከፍ ከፍ ካለም አዲስ ብልቃጥ ክፈቱ።

አሁን ስለ ሐኪም። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። እናትሽን በዚህ ሳምንት ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ሌላ የስኳር ክትትል ያለበት ቦታ ውሰጃት። ፍሪጅ እንደሌላችሁ በግልጽ ንገሪያቸው። «መድኃኒቱ ቢያጠራጥረኝ ምን ላድርግ?» ብላ ትጠይቃቸውና መልሱን ጻፊው። ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ወይም አፏ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ከሸተተ ሳይነጋ ሆስፒታል ትግባ።

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ልለምናችሁ። «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» ብላችሁ ስትሰጡ ፍሪጅ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ የሸክላውን ነገር አስረዱ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

«ጫት ላይ ስቀመጥ ኢንሱሊኔን ተወግቼ ምሳ ባልበላስ?»

አይሆንም፣ በፍጹም! ጫት ረሃብን ያጠፋል፣ ኢንሱሊኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ስኳርህ ወርዶ ራስህን ልትስት ትችላለህ፣ አጠገብህ ያሉት ደግሞ መርቅኖ ነው ይላሉ። ጫት መቃምህን ለሐኪምህ ንገረው፤ አትፈር።

ከሐረር፦ አባቴ እየረሳ ነው። ውጭ ያለች እህቴ «የአልዛይመር አዲስ መርፌ ወጥቷል» አለች።

ወጥቷል። ሌካኔማብ ይባላል፣ አሜሪካ በ2023 ሙሉ ፈቃድ ሰጥታዋለች። በአልዛይመር ታማሚ አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የሚባል የፕሮቲን ክር ይከማቻል፤ ኢንሱሊን ሲበላሽ የሚሠራው ክርም የዚያው ዓይነት ነው። መርፌው ያንን ክምችት ያጸዳል። ግን በሽታውን አያድንም፤ ገና የጀመራቸው ሰዎች ላይ መባባሱን ትንሽ ያዘገያል። አንጎል ሊያሳብጥና ሊያደማ ስለሚችል ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ግን አባትሽ አልዛይመር ነው ያላቸው ማን ነው? የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ሁሉ ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ስለ መርፌው ከማሰብሽ በፊት የነርቭ ሐኪም ይያቸው።

የሐረማያ የፊዚክስ ተማሪ፦ ቤተሰቤ «በፊዚክስ አስተማሪ ነው የምትሆነው» ይለኛል። ባዮፊዚክስ ያዋጣል?

አስተማሪ መሆን ትልቅ ሥራ ነው፣ መጀመሪያ እሱን እንያዝ። ለጥያቄህ ግን፣ አዎ። አለን ሆጅኪን (ከኢንሱሊኗ ዶሮቲ ሌላ ሰው ነው) እና አንድሪው ሃክስሊ በ1952 የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚጓዝ በሒሳብ ቀመር ጻፉት፤ የተጠቀሙት ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ነው። በ1976 ኔሄርና ዛክማን በአንዲት የሴል በር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያላቸው ቅንጣቶች በሴል ግድግዳ ላይ በሚያልፉባት ቀዳዳ፣ ብቻ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለኩ። በ2006 ፓኪስታን ውስጥ ሕመም የማይሰማቸው ቤተሰቦች አንዷ በር የማትሠራላቸው ሆነው ተገኙ። በጥር 2025 ደግሞ የዚያች በር ዘመድ የሆነችውን የሚዘጋ፣ እንደ ሞርፊን ሱስ የማያስይዝ ተብሎ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ባዮኬሚስትሪ ውሰድ፣ ስታቲስቲክስ አትዝለል፣ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማር። ከ1971 ጀምሮ የተከማቸው የፕሮቲን ቅርጾች መዝገብ ለማንም በነጻ ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ካለህ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለህ።

«የድሬ ውኃ ኖራው ብዙ ነው፣ ኩላሊት ላይ ጠጠር ያመጣል?»

ከውኃው ኖራ ይልቅ ውኃ አለመጠጣት ነው ጠጠር የሚያመጣው፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ በጣም ያልበናል። ስለዚህ ይጠጡ። ጠጠር ካለብዎትም ሁሉም በቀዶ ሕክምና አይወጣም። ከ1980 ጀምሮ ከውጭ በሚላክ የድምፅ ግፊት ሰውነት ሳይቀደድ የሚሰባበር አለ። ሽንትዎ ውስጥ ደም ካዩ ወይም ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ካለዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ።