በመቅደላ ስም የተሰጠው የእንግሊዞች ማዕረግ ዛሬም አለ?

ጥያቄ፦ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ጄኔራል ናፒየር በመቅደላ ስም ማዕረግ እንደተሸለመ አንብቤያለሁ። ማዕረጉ ዛሬም አለ? በውርስ የሚተላለፈውስ እንዴት ነው? በአንዳንድ ሰነዶች ላይ ከዘመቻው በፊትም «ሎርድ ናፒየር» የሚባል ሰው አገኛለሁ፤ ያው ሰው ነው?

መልስ፦ ማዕረጉ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ፣ ሮበርት ናፒየር «ባሮን ናፒየር ኦፍ መቅደላ» ተባለ። ባሮን ከአምስቱ የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረጎች ዝቅተኛው ነው። በዓመት 2,000 ፓውንድ ጡረታም ተቆረጠለት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወራሹን የሚወስነው ማዕረጉ የተሰጠበት የዘውድ ደብዳቤ ነው። ይህኛው ማዕረግ የሚወርደው ከመጀመሪያው ባሮን በሕጋዊ ጋብቻ በተወለዱ ወንዶች በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ሴት ልጅም ጉዲፈቻም አይወርስም። ወላጆቹ ሳይጋቡ የተወለደ ልጅም፣ በኋላ ቢጋቡ እንኳ፣ በእንግሊዝ ሕግ ማዕረግ አያገኝም። የበኩር ልጅ አባቱን ቀድሞ ከሞተና ወንድ ልጅ ከተወ፣ ያ የልጅ ልጅ ከአጎቶቹ ይቀድማል። ባለማዕረጉ ወንድ ዘር ሳይተው ከሞተ ተራው የወንድሙ ነው። የናፒየር ቤት የገጠመውም ይኸው ነው፦ ናፒየር በ1890 ሲሞት ሦስት ልጆቹ በየተራ ወረሱ። ሁለተኛው ባሮን በ1921፣ ሦስተኛው በ1935 አረፉ፤ አራተኛው ከናፒየር ሁለተኛ ጋብቻ የተወለደው ወንድማቸው ነው። ከእሱ በኋላ ማዕረጉ በ1948 ወደ ልጁ፣ በ1987 ደግሞ ወደ ልጅ ልጁ አለፈ። የወንድ ሐረጉ ሁሉ ቢቋረጥ ማዕረጉ አብሮ ይጠፋል፤ የጄኔራሉ የአጎት ልጆች ዘር ሊጠይቀው አይችልም።

ወራሽ መሆን ብቻውን አይበቃም። ከ2004 ወዲህ ባለማዕረግ ተብሎ በይፋ ለመጠራት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀቶችን አቅርቦ በመኳንንት መዝገብ መስፈር ግድ ነው። በማዕረግ ብቻ የላዕላይ ምክር ቤት ወንበር ማግኘት ደግሞ በ1999 ሕግ ቀርቷል።

ሌላው «ሎርድ ናፒየር» የተለየ ሰው ነው። ማዕረጉ የስኮትላንድ ነው፤ ከ1627 ጀምሮ አለ፣ ለሴትም ይተላለፋል። በዘመቻው ጊዜ ባለማዕረጉ ፍራንሲስ ናፒየር ነበር፤ ከ1866 እስከ 1872 በእንግሊዝ ሥር የነበረችውን የሕንድ ግዛት ማድራስን አስተዳድሯል። የእኛው ናፒየር በዚያ ጊዜ የቦምቤይ ጦር አዛዥ ነበር። እንግዲህ ከሐምሌ 1868 በፊት በተጻፈ ደብዳቤ ላይ «ሎርድ» የሚለው የማድራሱ ነው፤ የዘመቻው አዛዥ «ሰር ሮበርት» ተብሎ ይጻፋል። ከ1870 እስከ 1872 ባሉት የሕንድ ሰነዶች ላይ ግን ሁለቱም «ሎርድ» ስለሆኑ «ኦፍ መቅደላ» የሚለውን ጭማሪ ወይም የሥራ ኃላፊነታቸውን ይፈልጉ፦ አንዱ የማድራስ ገዥ፣ ሌላው የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ነው።