አርኪዮሎጂስት እንዴት የሙዚየም ዳይሬክተር ይሆናል?

ጥያቄ፦ ልጄ በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት በመከታተል ላይ ስትሆን፣ ወደፊት የጥንታዊ ግሪክና ሮም አርኪዮሎጂ አጥንታ በሙዚየም የመሥራት ሐሳብ አላት። እኔ የማውቀው አርኪዮሎጂስት መሬት ቆፍሮ ቅርስ የሚያወጣ፣ የሙዚየም ዳይሬክተር ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚፈርም መሆኑን ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ላይ እንዴት ይገናኛሉ? ዳይሬክተር የሆነ ምሁርስ ምርምሩን ለመተው አይገደድም?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጥያቄዎን በጥቅሉ ከመመለስ የአንድ ባለሙያን የሥራ ሕይወት መከተል ይሻላል ብለን፣ የአቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየምን ከ1942 እስከ 1964 የመሩትን ክሪስቶስ ካሩዞስን መርጠናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሩዞስ በ1900 በአምፊሳ ከተማ ተወልደው ገና በወጣትነታቸው ወደ ግሪክ መንግሥት የአርኪዮሎጂ አገልግሎት ገቡ። የዚህ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች በየአውራጃው ተመድበው ቁፋሮ ይመራሉ፣ የተገኘውን ቅርስ ይመዘግባሉ፣ የአካባቢውን ሙዚየም ያደራጃሉ፤ ስለዚህ ቆፋሪውና የሙዚየም ሰው ከመጀመሪያውም ሁለት ሰዎች አይደሉም። ካሩዞስ በመካከሉ ወደ ጀርመን ሄደው ጥናታቸውን አጠናክረዋል፤ በዚያ ዘመን የጥንታዊ ቅርጻ ቅርጽ ምርምር ዋና ቋንቋ ጀርመንኛ ስለነበር ጉዞው ግድ ነበር ማለት ይቻላል።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ራሳቸው ቆፍረው ያወጡት ነገር ሳይሆን፣ ሌሎች ከባሕር ያወጡትን ሐውልት ማጥናታቸው ነው። በ1926 እና በ1928 በግሪክ የባሕር ዳርቻ በአርጤሚስዮን አቅራቢያ ከባሕር ወለል የተነሣው ይህ የነሐስ ሐውልት ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ግራ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቀኝ እጁን ለመወርወር የሰነዘረ ጢማም አምላክን ያሳያል። በቀኝ እጁ ይዞት የነበረው ነገር ግን አልተገኘም። መብረቅ ከነበረ ሐውልቱ የአማልክቱ ንጉሥ የዜውስ ነው፤ ባለ ሦስት ጣት ጦር ከነበረ ደግሞ የባሕሩ አምላክ የፖሰይዶን ነው። ካሩዞስ ፖሰይዶን ነው ብለው ሰፊ ጥናት አሳተሙ። የሚቃወሟቸው ምሁራን ረጅም ጦር በዚያ እጅ ቢያዝ ዘንጉ የአምላኩን ፊት ይከልል ነበር ይላሉ፤ እኛም ሚዛኑ ወደ ዜውስ የሚያደላ ይመስለናል። ያም ሆኖ ከባዶ መዳፍና ከጣቶች አያያዝ ተነሥቶ እስከ አምላኩ ማንነት ድረስ መከራከር የሙያው ልብ ስለሆነ፣ ልጅዎ ይህንን ክርክር ብታነብ ትጠቀማለች።

የዳይሬክተርነቱ ነገር በጦርነቱ ጊዜ ይበልጥ ይገለጣል። ቀደም ሲል አገራችንን የወረረችው ፋሺስት ኢጣልያ በኦክቶበር 28 ቀን 1940 በግሪክ ላይ ጦርነት ስትከፍት፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎች የአዳራሾቹን ወለል አስቆፈሩ። ትላልቆቹ የእብነ በረድ ሐውልቶች በእንጨት ማንሻ እየተንጠለጠሉ ወደ ጉድጓዶቹ ወርደው በአሸዋ ተሸፈኑ፤ የሸክላና የነሐስ ዕቃዎች በሣጥን ታሽገው ምድር ቤት ተቀመጡ፤ ከጥንታዊቷ የማይሲኒ ከተማ የተገኘው ወርቅ በርክክብ ሰነድ ለግሪክ ባንክ ተሰጠ። ካሩዞስ ያን ጊዜ ገና ዳይሬክተር አልነበሩም። ባለቤታቸው ሴምኒ ካሩዙ ግን በ1921 ወደ አርኪዮሎጂ አገልግሎት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴትና የሙዚየሙ የሸክላ ስብስብ ኃላፊ ስለነበሩ፣ በዚህ አድካሚ ሥራ ተካፍለዋል። የጀርመን ጦር በኤፕሪል 27 ቀን 1941 አቴንስ ሲገባ ሙዚየሙ ባዶ ነበር። ካሩዞስም በጀርመን የተማሩና ብዙ ወዳጆች የነበሯቸው ቢሆኑም፣ ከጀርመን የአርኪዮሎጂ ተቋም አባልነታቸውን ለቀቁ።

ግሪክ ከጀርመን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ የተረከቡት ሥራ እንግዲህ ከወለሉ በታች የተቀበረ ሙዚየም ነበር። የተደበቀውን ማውጣት፣ ከመዝገብ ጋር ማመሳከር፣ የተጎዳውን ማስጠገን፣ አዳራሾቹን አንድ በአንድ መክፈት እስከ ጡረታቸው ድረስ ያዛቸው። የእኛ ግምት ከቁፋሮም ሆነ ከጽሑፍ ይልቅ ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው የሚል ነው፤ ተመልካቹ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲያልፍ የግሪክን ቅርጻ ቅርጽ እድገት በዘመን ቅደም ተከተል እንዲከተል አድርገው ማደራጀት የሚችለው እያንዳንዱን ሐውልት ያጠና ሰው ብቻ ነውና።

ምርምርን ስለመተው ለጠየቁት፣ በ1944 በአቴንስ ዙሪያ ባለው በአቲካ ገጠር አሪስቶዲኮስ የተባለ ሰው የመቃብር ሐውልት ተገኘ። ካሩዞስ በዳይሬክተርነት ላይ እያሉ አጥንተውት በ1961 ስለ እሱ በጀርመንኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። አስተዳደሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ይሁንና ዕቃው በየዕለቱ በእጁ የሚገኝ ተመራማሪ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት ጥንታዊ ግሪክኛ ትጀምር፤ ላቲንና ለንባብ የሚበቃ ጀርመንኛ ቀጥለው ይመጣሉ። ለግሪክኛው አክሱም ቅርብ መነሻ ናት፤ የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ በግዕዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ተቀርጿል፣ ብዙዎቹ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞችም የግሪክኛ ጽሑፍ አላቸው። ከዚያ በተጨማሪ በአቅራቢያዋ ባለ ሙዚየም ዕቃ በመመዝገብ ሥራ እንድትለማመድ ብታመለክት መልካም ነው፤ ጉብኝት ከማስጎብኘት ይልቅ መዝገብ ቤቱን ትምረጥ።