አዲስ የማስነሻ ሥርዓት ለምትፈትሹ ወጣቶች

ከጓደኞችህ ጋር ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የሊነክስ ስርጭት (ሊነክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ የተመሠረተ፣ ተጭኖ የሚሠራ ጥቅል) እያዘጋጀህ መሆኑን ገልጸህ፣ «ሲስተምዲን፣ ኮምፒዩተር ሲበራ አገልግሎቶቹን የሚያስነሣውን አዲሱን ሥርዓት፣ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒዩተር ውስጥ በሚመሰል ኮምፒዩተር) ሞክረነው ያለ እንከን ተነሥቷል፤ ከዚህ በኋላ ምን ይቀረናል?» ብለህ የጠየቅኸኝ፣ ልጄ፣ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ስርጭት 8ኛ እትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ሲስተምዲን ነባሪ (ካልቀየሩት በራሱ የሚሠራ) አድርጎ ሲወጣ፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ከምናስተዳድረው አንዱ ነበርኩ። በቡድናችን ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ «መብራቱን ድንገት አጥፍተን፣ ዲስክ ነቅለን እንሞክረው» ብሎ ቢወተውትም፣ ኃላፊዎቹ ጊዜ የለም ብለው አለፉት። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከተማው ለቀትር ዕረፍት በተበተነበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመጠባበቂያ ቅጂ የምናስቀምጥበት የውጭ ዲስክ አዳፕተር ተቃጠለ። የቀድሞው ሥርዓት ያ ዲስክ ሲጠፋ ስህተቱን መዝግቦ ያልፍ ነበር። አዲሱ ግን በኤፍኤስታብ (ሲነሣ የሚያያዙ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ፋይል) የተጻፈውን ዲስክ 90 ሰከንድ ጠበቀ፤ ሲያጣው ለጥገና ብቻ ወደሚያገለግለው የአደጋ ጊዜ ሁነታ ገባ። ኔትወርኩ ስላልተነሣ ከሩቅ መግባት አልተቻለም፤ ሰርቨሩ ደግሞ ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረውም። በዚያ ሙቀት ከሒሳብ ክፍል ስክሪን ተሸክመን ብናመጣ፣ ጥቁሩ ገጽ ላይ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ አካውንት) የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አንድ መስመር ብቻ ቆሞ ጠበቀን።

መፍትሔው በኤፍኤስታብ በዚያ ዲስክ መስመር ላይ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይገኝም መነሣቱ ይቀጥል) የሚል ቃል መጨመር ብቻ ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ጥፋቱን በሥርዓቱ ላይ አላክከው ወደ አሮጌው እንድንመለስ አዘዙ፤ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእርሱ መሄድ ነው።

የዛሬ ወጣቶች ኮምፒዩተሩ በስንት ሰከንድ እንደተነሣ ፎቶ አንሥታችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ሳይነሣ ሲቀር ምን እንደሚሆን ግን የሚጠይቅ አላይም። ይህን ስል ጠይቆ የተከለከለው ያ ልጅ ወጣት እንደነበር አልዘነጋሁም። ሌላው የሊነክስ ስርጭት ፌዶራ እንኳ በዚያው አቆጣጠር በ2010 ሲስተምዲን በ14ኛው እትም ነባሪ ሊያደርግ አቅዶ ሳለ፣ ገና አልበሰለም ብሎ ለ2011ዱ 15ኛ እትም አሸጋግሮታል። መዘግየት አያሳፍርም፤ ቢሆንም በፍተሻ ስም ዓመታት በአሮጌው ላይ መንፏቀቅን አልመክርም፤ እኛ አድርገነዋልና።

ከተቻለ ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ጫኑና በግሩብ (ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ በሚመጣው የማስነሻ ምናሌ) የከርነል መስመር፣ ማለትም የሊነክስን እምብርት በሚያስጀምረው ትእዛዝ፣ ላይ እየመረጣችሁ አስነሡ፤ መመለሻው እንዳይጠፋባችሁ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ ዲስክ ንቀሉ፣ ዲስኩን እስኪሞላ ድረስ ሙሉ፣ የኔትወርክ ገመዱን አውጡ፣ አገልግሎቶችን ግደሉ። ሲስተምዲ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት የጆርናል መዝገብ ከዳግም ማስነሣት በኋላ መገኘቱንም እዩ፤ በብዙ እትሞቹ ነባሪ አሠራር በዲስክ ላይ የተዘጋጀ ማውጫ ከሌለ በራም (መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማኅደር) ብቻ ስለሚቀመጥ፣ የውድቀቱ ምክንያት ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ለትምህርት ቤቶቹ ከማደላችሁ በፊት የምትወስኑት አንድ ነገር አለ። የሩት አካውንት ተቆልፎ ከተሰጠ የአደጋ ጊዜው ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበት ገጽ) ላይከፈት ይችላል፤ ክፍት ከሆነ ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ መምህር በየትምህርት ቤቱ መኖር አለበት። እርሱ ማን እንደሚሆን አሁኑኑ ተነጋገሩበት።