ልጄ ጡጦ አልይዝ አለኝ፤ ሥራ መግቢያዬም ደረሰ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት እሠራለሁ። በዚህ ዓምድ ከሰሜን ሸዋ እናቶችና አያቶች ለሚደርሱኝ ጥያቄዎች እመልሳለሁ። የዛሬዎቹ ሁለት ደብዳቤዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እናት ሥራ ስትውል ልጅ የእናቱን ወተት እንዴት ያግኝ?

ጥያቄ

እንደምን ነሽ እህቴ? የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ከጡት በቀር ምንም አላቀመስኩትም። የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ሥራ ልገባ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ቤቴ ጠባሴ ስለሆነ ለምሳ ወጥቶ መመለስ አይታሰብም፤ ጠዋት 1፡30 ወጥቼ ማታ 11፡30 ነው የምገባው። ወተቴን አልቤ በጡጦ ስሰጠው አሻፈረኝ ይላል። ጫፉን በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ያለቅሳል። ባለቤቴ ሦስት ዓይነት ጡጦ ገዛ፤ አንዱንም አልወደደውም። ልጁን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው፤ ከመሐል ሜዳ መጥተዋል። “ተይው፣ ሲርበው ይጠጣል” ይላሉ። እምቢ ካለም የላም ወተት በውሃ አቅጥነው ሊሰጡት አስበዋል። ጎረቤቴ ደግሞ ጫፉን ማር ቀብተሽ ስጪው አለችኝ። በጣም ጨንቆኛል። ምን ላድርግ?

ጭንቅ የያዛት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሦስት ሳምንት ትንሽ ጊዜ አይደለም። ብዙ ልጆች ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይለምዳሉ።

በቅድሚያ ማሩን ተዪው። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ለቅምሻም፣ ጫፍ ላይ ለመቀባትም። ማር ውስጥ አንዳንዴ በዓይን የማይታይ የባክቴሪያ ዘር ይገኛል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል። በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። ቦቱሊዝም ይባላል፤ ጡንቻ ያዝላል፣ ሲብስ ትንፋሽ ይከለክላል። ጎረቤትሽ በደግነት ነው ያለችሽ፤ አንቺ ግን አታድርጊው።

የላም ወተትም እንደዚያው። መሐል ሜዳ ያደገ ሰው ወተት ለልጅ ይከለከላል ሲባል ቢገርመው አልፈርድበትም። ግን የላም ወተት የተሠራው ለጥጃ ነው። ፕሮቲኑና ጨዉ ለሕፃን ኩላሊት ይከብዳል፣ ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ የአንዳንዱንም ልጅ አንጀት ያደማል። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ምግብነቱም ይቀንሳል። ለአማትሽ “አዋላጇ ከልክላኛለች” በያቸው። ነገሩ በእኔ ይሁን፤ እናንተ አትቀያየሙበት። እሳቸው ሰው አገር ድረስ መጥተው ልጅሽን ሊይዙልሽ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ውለታ አለ? ደግሞ የምነግርሽን ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጡጦው። ልጅሽ ወተቱን አልጠላም። የቸገረው አጠባቡ ነው። ጡት ሲጠባ የጡትሽ ጫፍ ተለጥጦ ወደ ላንቃው ጠልቆ ይገባል። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ምላሱን ከሥር ዘርግቶ ይስባል። ወተቱም ወዲያው አይመጣም፤ ትንሽ ከሳበ በኋላ ነው የሚወርድለት። ሲፈልግ ይጠባል፣ ሲፈልግ ያርፋል። የጡጦ ጫፍ ግን ጠንካራ ነው፤ ገና ከንፈሩን ሲነካው ይፈስሳል። ልጁ ሳይዘጋጅ አፉ ይሞላል፣ ትን ይለዋል፣ ይደነግጣል። በማግስቱ ጡጦውን ገና ሲያየው የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍሰቱን ማዘግየት ነው። ከሦስቱ ጡጦዎች ጫፉ በጣም ቀስ ብሎ የሚያፈስሰውን ምረጪ። መለያው ቀላል ነው፤ ውሃ ሞልተሽ ድፊው። ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው፣ ከተንዠቀዠቀ ለዚህ ልጅ አይሆንም። ከመረጥሽ በኋላ በዚያው ጽኚ። በየቀኑ የተለየ ጫፍ ሲቀርብለት በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሁለተኛው፣ ጡጦውን አንቺ አትስጪው። እናቱ አቅፋው፣ የወተቷ ሽታ አፍንጫው ሥር እያለ፣ ላስቲክ ጥባ ሲባል ለምን እሺ ይላል? አማትሽ ይስጡት። አንቺ ጓዳ መግባትሽም አይበቃም፣ ድምፅሽን ይሰማል። ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ገበያ ውጪ፣ ወይም ጎረቤት ቡና ጠጪ። ጭንቀትሽንም ይዘሽለት ውጪ።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። “ሲርበው ይጠጣል” የሚለውን ምክር ብዙ አያቶች በቅንነት ይሰጡታል። ግን የራበው ልጅ ትዕግሥት የለውም። የተናደደ ልጅ ደግሞ አዲስ ነገር አይማርም። የሚሻለው ከጠባ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ቆየት ብሎ፣ ሳይርበውም ሳይጠግብም፣ ደስ ብሎት እያለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከእንቅልፉ ገና ሲነቃ፣ ዓይኑ ጭፍን ክፍት ሲል እሺ ይላል። የእናንተው የቱ እንደሆነ አማትሽ ቶሎ ይለዩታል።

አሰጣጡን በደንብ ልንገርሽ፣ አንብቢላቸው። ልጁን ጡት እንደሚጠባ ልጅ አያጋድሙት። ጭናቸው ላይ ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ አንገቱን በእጃቸው ይደግፉ። የጡጦውን ጫፍ ከላይኛው ከንፈሩ ጋር እያነካኩ ይጠብቁ። አፉን ራሱ ይክፈት፤ አይግፉበት። ሲቀበል ጡጦውን አይድፉት፣ አግድም ይያዙት፤ ጫፉ ውስጥ ወተት መኖሩ ይበቃል። ሦስት አራት ጊዜ ከዋጠ በኋላ ጡጦውን ዝቅ አድርገው ያሳርፉት፣ ከዚያ እንደገና። እንዲህ ሲሆን የእናቱን ጡት ይመስለዋል፣ ትንም አይለውም። ፊቱን ካዞረ በቃው ማለት ነው። ካለቀሰ ወዲያው ትተው ያባብሉት። ከ10 ደቂቃ በላይ መታገል ደግ አይደለም፤ በሌላ ሰዓት ይሞከራል። መጀመሪያ ሰሞን 30 ሚሊ ሊትር ቢቀርብለት ይበቃል። ያንን እንኳ ሳይጠጣ ጫፉን እያኘከ ቢጫወትበት ደስ ይበላችሁ፣ መልመድ ጀምሯል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ አትርሺው። የሞቀ ጡት የለመደ ልጅ በጠዋት ብርድ የቀዘቀዘ ላስቲክ አፉ ሲገባ ቢሸሽ አይገርምም። ጫፉን ለብ ባለ ውሃ ነክረው አሙቀው ይስጡት። ወተቱንም እሳት ላይ አትጣዱት፣ በማይክሮዌቭም አታሙቁት፤ አንዱ ቦታ ሞቆ አንዱ ስለሚቀዘቅዝ አፍ ያቃጥላል። ጡጦውን ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁሙት። የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲደረግ ካልሞቀ ካልቀዘቀዘ ደርሷል። የለበስሽውን ሻርፕ አማትሽ ትከሻቸው ላይ ጣል ቢያደርጉት ሽታሽ ያረጋጋዋል፤ የልጁ ፊት ላይ ግን እንዳይወድቅ።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። የታለበውን ወተት ራስሽ ቅመሺው። አንዳንድ እናት ወተቷ ፍሪጅ ሲያድር ሳሙና ሳሙና ይላል። አልተበላሸም፤ ወተቱ ውስጥ ስብ የሚፈጭ ላይፔዝ የሚባል ነገር ስላለ ነው። ልጁ ግን ጣዕሙን ሊጠላው ይችላል። ያንቺ እንዲህ ከሆነ አዲስ የታለበ ይሞከርለት። እሱን ከጠጣ ጥፋቱ የጡጦው አልነበረም። ወደፊት ልክ እንዳለብሽ፣ ለዚህ ብቻ እሳት ላይ ጥደሽ፣ ዳር ዳሩ አረፋ ማውጣት ሲጀምር አውርደሽ ቶሎ አቀዝቅዢና አስቀምጪ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ቢልስ? ሲኒ አለ! ይህን የምለው ሌላ ሲጠፋ እንደ መጨረሻ አማራጭ አይደለም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምመርጠው ሲኒ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እንኳ በሲኒ ይጠጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ንጽሕና በሚያስቸግርበት ቦታ ከጡጦ ይልቅ ሲኒን ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጡጦ ስንጥቅና ጠርዝ ይበዛዋል፣ የወተት ቅሪት እዚያ ተደብቆ ተቅማጥ ያመጣል። ሲኒ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ይጸዳል። ልጁን ቀና አድርጎ አቅፎ፣ እጁን በጨርቅ ሸፈን አድርጎ፣ የሲኒውን ከንፈር ታችኛው ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል ይላል። ልጁ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። አፉ ውስጥ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ግማሹ አገጩ ላይ ይፈስሳል፣ ከሥሩ ፎጣ ይደረግለት። እድሜ ልኩን ቡና ሲቀዳ የኖረ የአማትሽ እጅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

በጡጦ ከጸናችሁ በየጊዜው ታጥቦ ይቀቀል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፈላ ብሎ ወዲያው ማውጣት አይበቃም፤ እየተንተከተከ 10 ደቂቃ ይቆይ።

ስለ መጠኑ። በዚህ እድሜ ከእናቱ ለሚለይበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። አንቺ 10 ሰዓት ያህል ስለምትቆዪ 300 ሚሊ ሊትር፣ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ። ከዚያ ባነሰ የሚውል ልጅም አለ፤ ማታና ሌሊት ጡት እየጠባ ያካክሳል። ለአንቺ እንቅልፍ ቢያሳጣም በሽታ አይደለም። ማየት ያለብሽ ሽንቱን ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ካረጠበ ጠግቧል። ሽንቱ ካነሰና ከጠቆረ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ልጁ ከፈዘዘና ለመጥባት ከሰነፈ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይታይ።

ማለቡን ዛሬውኑ ጀምሪ። ጠዋት ጡት ሙሉ ስለሚሆን ልጁ ከጠባ በኋላም ይገኛል። እጅሽን ታጠቢ። አውራ ጣትሽን ከጥቁሩ ክብ በላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርጊ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨመቅ ለቀቅ። ቆዳውን እያንሸራተትሽ አትሺው፣ ያቆስልሻል። ወተቱን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አድርገሽ ቀንና ሰዓት ጻፊበት። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው ግን ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ሥራ ቦታም በየሦስት ሰዓቱ ካላለብሽ ጡትሽ ያግታል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። አለቃሽን ከመግባትሽ በፊት አነጋግሪያት፤ የሚዘጋ ክፍልና 15 ደቂቃ ጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ልጅ ጡት ብቻ ይጥባ የሚባለው ደግሞ 6 ወር። በመሐል ያለው ጊዜ እናቶች ትከሻ ላይ መውደቁ ያሳዝነኛል። አሠሪዎች አንዲት ክፍል በማዘጋጀት እንኳ ብዙ ሊያግዙ ይችላሉ።

ጥያቄ

እኔ ሸዋ ሮቢት የምኖር አያት ነኝ። ልጄ መንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የአምስት ወር ሴት ልጇን የማቆየው እኔ ነኝ። ልጅቱ ጡጦ ለምዳ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ድንገት እምቢ አለች። እዚህ ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ውሃ ይጠማት ይሆን ብዬ ውሃ ልሰጣት አሰብኩ። ወተቱም እንዳይበላሽ እፈራለሁ፣ መብራት ይጠፋል። ምን ትመክሪኛለሽ ልጄ?

መልስ

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። ውሃውን አይስጧት። የእናት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀትም ቢሆን እስከ 6 ወር ይበቃታል። ውሃ ሆዷን ሞልቶ ወተቱን ያስተዋታል፣ ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣባታል። ሲሞቅ ወተቱን ትንሽ ትንሽ አድርገው ቶሎ ቶሎ ይስጧት።

ለምዶ የተወ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው። አፏን በብርሃን ይዩላት፤ ምላሷና ጉንጯ ላይ የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ የአፍ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይሰጧታል። አፍንጫዋ ከታፈነም መጥባትና መተንፈስ አንድ ላይ አይሆንላትም። ድዷ አብጦ እንደሆነም በንጹሕ ጣትዎ ዳሰስ ያድርጉ። የጡጦውን ጫፍም ይመልከቱ፤ ካረጀ ይሰነጠቃል ወይም ቀዳዳው ይሰፋል። ይህ ሁሉ ከሌለ ከላይ እንደነገርኳት እናት ሲኒ ይሞክሩ፤ በአምስት ወሯ ቶሎ ትለምዳለች።

ወተቱን እዚያ ሙቀት ላይ ውጭ አያቆዩት። ልጅዎ ጠዋት ስትወጣ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠው፤ የሚሰጡትን ያህል ብቻ እያወጡ ያሙቁ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱት፣ ቅዝቃዜው ለተወሰኑ ሰዓታት ይቆያል። በረዶ የያዙ ላስቲኮች ፍሪዘር ውስጥ ካሉ ወተቱን ከእነሱ ጋር በድስት ይክደኑት። የኮመጠጠ ሽታ ካለው ይድፉት።

ትኩሳት ካላት፣ ወይም ከእናቷ ጡትም ጭምር እምቢ ካለች፣ ማታን አይጠብቁ። ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና ለልጅዎ ከመንገድ ይደውሉላት።