አያትሽ ጥላሸት አልተቀቡም

ከፍኖተ ሰላም አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ የአያቴን ፎቶ በእርሳስ የተሳለ አስመስዬ ለእንቁጣጣሽ በፍሬም ልሰጣቸው አስቤ ነበር። ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት ፎቶሾፕ ውስጥ ሠራሁት። ፊታቸው ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ነጠላቸው ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ፎቶውንም፣ የወጣላትንም አያይዛ ልካለች።

የትም አልተሳሳትሽም እህቴ። እኔም ማርቆስ ሱቅ በከፈትኩ ሰሞን በዚሁ ዘዴ የሙሽሮች ፎቶ ሠርቼ ነበር። ሙሽራይቱ አየችውና «ይሄ ማነው?» አለችኝ። ባሏ ነበር።

ዘዴውን ታውቂዋለሽ። ፎቶውን ታባዢና ቀለሙን ታጠፊዋለሽ። እንደገና አባዝተሽ በኮንትሮል አይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገሽ ትገለብጪዋለሽ። የላይኛውን ሌየር (ንብርብር) ከታችኛው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ ከለር ዶጅ ስታደርጊው ገጹ ነጭ ይሆናል፤ ጋውሲያን ብለር የሚባለውን ማደብዘዣ ስትሰጪው መስመሩ ብቅ ይላል። ቪዲዮዎቹ የማይነግሩሽ ከውስጥ የሚሠራውን ሒሳብ ነው።

ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ነጥብ (ፒክስል) ብለሩ ለሚያወጣው የአካባቢዋ አማካይ ያካፍላታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ነው። ግንባራቸው ላይ አንዷ ነጥብ 190፣ አካባቢዋ 200 ቢሆን ውጤቱ 95 በመቶ ነው፤ ነጭ በይው። አገጫቸው ስር ባለው ጥላ ግን ነጥቧ 10፣ አካባቢዋ 20 ቢሆን ውጤቱ ግማሽ ይሆናል፤ ድፍን ግራጫ። ሁለቱም ጋ ልዩነቱ ያው 10 ነው። ጨለማ ውስጥ ያለች ትንሽ እንከን ገዝፋ ትወጣለች፣ ብርሃን ላይ ያለችው ትጠፋለች። አያትሽ ጠይም ናቸው፤ ፎቶውም በጠራራ ፀሐይ ስለተነሳ ግማሽ ፊታቸው ጥላ ነው። የነጠላው እጥፋት ደግሞ 250 መሀል ያለ 240 ነው፤ ምን ይተርፈዋል?

ስለዚህ መስመር ከማውጣትሽ በፊት ፎቶውን አዘጋጂው። ኢሜጅ፣ አድጀስትመንትስ ውስጥ ሻዶውስ ሃይላይትስ የሚል አለ። ጥላውን ከ30 እስከ 40 ክፈቺ፣ ነጩን 15 አካባቢ ዝቅ አድርጊ። ፎቶው ደብዘዝ ብሎ ያስጠላሻል። አይክፋሽ፣ የምንፈልገው እሱን ነው። (ጊምፕ የሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይም ከለርስ ውስጥ ይኸው አለ፤ እሱ ደግሞ በነጻ ነው።)

ቀጥሎ ሌየሩን አባዢና ሰርፌስ ብለር ስጪው፤ ቆዳው ላይ ያለው ብጥስጣሽ ነጥብ ይረጋል። ግን ተጠንቀቂ። አያትሽ አንገታቸው ላይ ንቅሳት አላቸው፣ አይቼዋለሁ። ብለሩ እሱን ይበላዋል። ማስክ (ሌየሩን ሳያጠፋ የሚሸፍን መጋረጃ በይው) ጨምሪና በጥቁር ብሩሽ ንቅሳቱን፣ ዓይናቸውንና የነጠላውን ጥለት መልሺ። ከሥዕሉ ሁሉ እርሳስ የሚመስለው ያ ንቅሳት ነው፤ እሱ ከጠፋ የማንም አያት ይሆናሉ። ሴቭ ማድረጊያውን ኮንትሮል ኤስንም ደጋግሚ፤ መብራቱ ነግሮሽ አይሄድም።

አሁን ከለር ዶጁን ሥሪ። መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ጥላ ግን የለውም፤ ማካፈሉ ሰፊውን ጥላ ሁሉ ነጭ አድርጎታል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራጫውን ፎቶ በስሱ ደርቦ ይተወዋል። እኔ አልወደውም፣ ፎቶኮፒ ይመስላል። እንዲህ አድርጊ፦ ነጭ ወረቀት ላይ በ2ቢ እርሳስ ዘንበል ያለ ጭረት ሙሉ ገጽ ጫሪ። በእጅሽ፣ እውነተኛ እርሳስ። ስካን አድርጊውና ከላይ አስቀምጪው፤ መልቲፕላይ ይሁን፤ ነጩ ጠፍቶ ጭረቱ ብቻ ይታያል። በሌቭልስ ወረቀቱን ፍጹም ነጭ አድርጊ፣ አለዚያ ሥዕሉ በሙሉ ይቆሽሻል። ከዚያ ኦልት ይዘሽ የማስክ ምልክቱን ስትጫኚ ጭረቱ በሙሉ ይደበቃል። በነጭ ለስላሳ ብሩሽ፣ ኦፓሲቲው (ድምቀቱ) 20 በመቶ ሆኖ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ብቻ ቀስ እያልሽ አውጪው፤ ከዓይን ስር፣ ከአፍንጫ ጎን፣ ከአገጭ ስር። ለነጠላው የጭረቱን ሌላ ኮፒ አዙሪና ከእጥፋቱ ጋር ወደ ታች ይውረድ። የጠፋው ነጠላ የሚመለሰው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፣ እሱም ፋይሉ ነው። የላክሽልኝ 960 በ1280 ፒክስል ነው። ኤ4 በደንብ እንዲታተም 2480 በ3508 ይፈልጋል። በዚያ ላይ በቴሌግራም ተጨምቋል። ጄፔግ የሚጨምቀው ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው፤ ጉንጫቸው ላይ ያየሽው ወንፊት የመሰለ ነገር እሱ ነው። ዋናው ስልኩ ላይ ካለ እንደ ፋይል ይላክልሽ። ምስሉ ሲተልቅ ጋውሲያን ብለሩም ይጨምር፤ ለትንሹ 6 የበቃው ለኤ4 ከ15 በላይ ይፈልጋል።

እውነቱን ንገረኝ ካልሽ ግን እንደገና አንሺያቸው። ነጠላው ላይ ፀሐይ የበላው ቦታ አለ፤ 255 ከደረሰ ምንም ብታደርጊ አይመለስም። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ያለው የነሐሴ ደመና ደግሞ ማንም ስቱዲዮ የማይሰጥሽ ለስላሳ ብርሃን ነው። በር ላይ አስቀምጪያቸው፣ ፊታቸው ወደ ደጅ ይሁን። ከኋላቸው ጭቃ ግድግዳ ቢሆን ይሻላል፤ ነጭ ነጠላ ነጭ ግድግዳ ላይ ጠርዝ የለውም።

ስታሳትሚ የማያብለጨልጭ ወረቀት ጠይቂ። መጀመሪያ ግን ፊታቸውን ብቻ ቆርጠሽ በትንሹ አሳትመሽ እይው፤ ስክሪን ላይ ደህና የመሰለሽ ጥላ ወረቀት ላይ ሊጠቁርብሽ ይችላል።