የዕለት እንጀራና የዕለት ንባብ፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፉት ሳምንታት ዘፀአት 16ን፣ 1ኛ ነገሥት 17ንና ማቴዎስ 6ን አብረን አንብበናል። ጠይቁ ብዬ ነበርና ከመርካቶ፣ ከቦሳ ቂጦ፣ ከጅሬን፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የተስፋውን ቁጥር ብቻ ነጥላችሁ አትያዙ፣ ምዕራፉን ሙሉውን አንብቡ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚሁ የሚነሣ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ኤልያስን በቁራ መግቦታል። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ጀምሮ እጸልያለሁ፣ ግን በር አልተከፈተልኝም። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 1ኛ ነገሥት 17ን ከቁራዎቹ አልፈህ አንብበው። ኤልያስ የጠጣበት ወንዝ ደረቀ። የደረቀው ኤልያስ ስለ ተጠራጠረ አይደለም፤ ዝናብ ስላልነበረ ነው፣ ድርቁን የተናገረውም እርሱ ራሱ ነበር። ነቢዩ እግዚአብሔር በላከው ቦታ፣ እግዚአብሔር ባለው መሠረት ተቀምጦ ሳለ ውኃው አለቀ። ስለዚህ የአንድ መተዳደሪያ መድረቅ ብቻውን የእምነት ማነስ ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ የተላከው ደግሞ ወደ ሀብታም ቤት አልነበረም። የሰራፕታዋ መበለት እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ ነበራት፤ ከልጇ ጋር የመጨረሻዋን በልታ ለመሞት እንጨት ትለቅም ነበር። ዱቄቱ በማድጋው አላለቀም ይላል እንጂ ማድጋው ሞልቶ ፈሰሰ አይልም። ድርቁ እስኪያበቃ ድረስ በየጠዋቱ የማድጋውን ጠርዝ ሳይሆን ታቹን ነው ያየችው ብዬ አስባለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ልጇ ታሞ ሞተ፣ ኤልያስም ጮኾ ጸለየ። እግዚአብሔር ያዘጋጀላት ሴት ከኀዘን አልተረፈችም፤ በኀዘኗ ውስጥ ግን ብቻዋን አልተተወችም።

ወንዙ ሲደርቅ ኤልያስ ቀጣዩን ቃል ሰምቶ ተነሥቶ ሄደ። አንተም ማመልከቻህን ማስገባትህን፣ ለሰው መናገርህን፣ ያገኘኸውን የቀን ሥራ መሥራትህን አታቁም። ጸሎትህ ደካማ ቢመስልህ በማርቆስ 9፥24 ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነበር፤ ጌታም ልጁን ፈወሰለት።

ጥያቄ፦ ዓምና ቡናው ቅርንጫፉን አጉብጦ ያዘ፣ ዘንድሮ ግን የለም። እግዚአብሔር ተቆጥቶን ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ከያዘ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያርፍ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ተክሉ ጉልበቱን በፍሬው ጨርሶ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ይህን እንደ ቁጣ አይቁጠሩት። ዕንባቆም 3፥17-18ን ግን እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ፦ በለስም ባታፈራ፣ የወይራ ሥራ ቢጎድል፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ዕንባቆም ይህን የጻፈው ጠግቦ አይደለም፤ ሀገሩን የባቢሎን ጦር ሊወርር እንደሆነ ሰምቶ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። መከራውን አልካደም፣ አንድ በአንድ ቆጠረው። እርስዎም በጸሎትዎ የጎደለውን በስሙ ይጥሩት፤ ነቢዩ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በእሸቱ ላይ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል ግን ዘንድሮ በጣም ይጠንቀቁበት።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ትምህርት ተበድሬ መክፈል አቃተኝ። «ጌታ ያውቃል» ብዬ ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም አትበዪ። 2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችው መበለት ዝም አላለችም፣ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቶ ነበር። ኤልሳዕ የጠየቃት በቤትሽ ምን አለ ብሎ ነው። ከዘይት ማሰሮ በቀር ምንም የለኝም አለች። ከዚያ የሆነውን ተመልከቺ፦ ከጎረቤት ሁሉ ባዶ ዕቃ ተበደረች፣ ልጆቿ ዕቃ አቀበሏት፣ ዘይቱ ከሞላ በኋላም ገበያ ወጥታ ሸጠች፣ ዕዳዋን ከፈለች፣ በቀረው ኖሩ። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው። ዕቃ መለመኑ፣ መሸጡና መክፈሉ ደግሞ የእርሷ ሆነ።

ስለዚህ ከአበዳሪሽ አትሸሺ። ዛሬ ሄደሽ ያለሽን በግልጽ ንገሪው፣ በየወሩ የምትችዪውን ተስማሚ። ለሴቶች ኅብረትም ንገሪ፤ ጎረቤቶቿ ባያውቁ ኖሮ ዕቃውን ከማን ታገኝ ነበር?

ጥያቄ፦ ዕቁብ መግባትና ባንክ ማስቀመጥ እምነት ማነስ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን ምድር እህል አምስተኛ እጅ ማከማቸት እንደሚገባ የመከረው የፈርዖንን ሕልም ፍቺ ከእግዚአብሔር ተረድቶ ነው። ጌታ በማቴዎስ 6 የከለከለው ጭንቀትን ነው። የሰማይ ወፎችም አይዘሩም እንጂ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው አይውሉም።

ጥያቄ፦ አንድ አገልጋይ «መበለቲቱ አስቀድማ ለነቢዩ ሰጠች፤ አንተም ዘር ዝራ፣ ሥራ ታገኛለህ» አለኝ። ያለኝ የቤት ኪራይ ብቻ ነው። ልስጥ?

መልስ፦ የቤት ኪራይህን ክፈል። ይህ ጥያቄ ከብዙ ሰው መጥቷልና ልቤ አዝኗል።

ኤልያስ ዱቄቱን ተቀብሎ ወደ ሌላ ከተማ አልሄደም። በዚያው ቤት ኖረ፣ ከዚያው ማድጋ አብሯት በላ፣ ልጇ ሲሞት በእቅፉ ይዞ ወደ ሰገነት ወጣ። መስጠት የሚፈልግ በ2ኛ ነገሥት 5 ኤልሳዕን ያስተውል፦ ንዕማን ከለምጽ ነጽቶ ስጦታ ሲያቀርብለት አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ሮጦ ተከትሎ ብርና ልብስ ተቀበለ፣ ለምጹም በእርሱ ላይ ተጣበቀ። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ይላል፤ ያ መዋጮ የተሰበሰበውም በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ነበር። በፍርሃት ወይም ትርፍ ተስፋ ተደርጎ የሚወጣ ገንዘብ ጳውሎስ የጻፈለት ስጦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ «አምላኬም የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል» የሚለውን በቃሌ ይዣለሁ። ለማንም ይሠራል?

መልስ፦ ፊልጵስዩስ 4፥19 ነው። ከቁጥር 10 ጀምረሽ አንብቢው። ጳውሎስ ታስሮ ነው የጻፈው፤ መራብንም መጥገብንም ተምሬአለሁ ይላል። የጻፈላቸው ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለት ነበር፣ ፊልጵስዩስ ባለችበት በመቄዶንያ ያሉ ምእመናን ደግሞ ብርቱ ድህነት እንደነበረባቸው 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ይናገራል። ተስፋው መጀመሪያ የተነገረው ከጉድለታቸው ለሰጡ ሰዎች ነው። ያዢው፣ ግን በዙሪያው ካሉት ቁጥሮች ጋር ያዢው።

ጥያቄ፦ በየመስከረሙ መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እጀምራለሁ፣ ዘሌዋውያን ላይ እቆማለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የግቢ ልጆች ብዙዎቻችሁ ይህን ጠይቃችኋል። መጽሐፍ ቅዱስ 1189 ምዕራፍ አለው፤ በዓመት ለመጨረስ በቀን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ምዕራፍ ማንበብ ይጠይቃል። ፈተና ላለበት ተማሪ ይከብዳል። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ብታነቡ በዓመት ያልቃል፣ ቅዳሜና እሑድ ያመለጣችሁን ትሞላላችሁ። ከማርቆስ ጀምሩ፣ በጎኑ አንድ መዝሙር ጨምሩ። የ1954ቱ ትርጉም ከከበዳችሁ አዲሱን መደበኛ ትርጉም አጠገቡ አድርጋችሁ አስተያዩ።

አንብቤ ምንም አልተሰማኝም ላሉትም፦ መና በየማለዳው ይለቀም ነበር፣ ለነገ የተቀመጠው ተላ። በአርባው ዓመት ውስጥ ጣዕሙ የሰለቻቸው ቀን ነበር፣ ሆኖም ያ ቀን እንኳ በእርሱ ነው የኖሩት። ስሜቱ ባይመጣም አንብባችሁ ተነሡ።

ጥያቄ፦ እናቴ ማንበብ አትችልም፣ አማርኛም ብዙ አይገባትም።

መልስ፦ በአፋን ኦሮሞ አንብብላት። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተሙት እንደ እናትህ ላሉ ሰዎች ነው። በድምፅ የተቀዳም አለ፣ ስልክህ ላይ ጫንላት። እምነት ከመስማት ነው ይላልና ሮሜ 10፥17 እርሷ ምንም አልጎደለባትም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ዱቄት ጨርሳለች። ልጸልይላት?

መልስ፦ ያዕቆብ 2፥15-16ን አንብቢ፣ ከዚያ ዱቄት ይዘሽ ሂጂ። ጸሎቱን እዚያው ቤቷ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ቀጥሎ ምን እናንብብ?

መልስ፦ ሩትን። አራት ምዕራፍ ናት፣ በአራት ማታ ታልቃለች። ከምዕራፍ 2 በፊት ዘሌዋውያን 19፥9-10ን ተመልከቱ፤ የእርሻውን ዳር ለድሀና ለመጻተኛ ተዉ የሚለው ሕግ ሩት ለቃርሚያ በገባችበት በቦዔዝ ማሳ ላይ እንዴት እንደ ዋለ ታያላችሁ። ጥያቄዎቻችሁን ጻፉልኝ፣ ያለ ስም ቢሆንም እቀበላለሁ።