ሜዳዩን ሚዛን ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት

ደሴ ፒያሳ ላይ በብር ሥራ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ጉትቻ፣ አምባር፣ ድሪ፣ የአንገት መስቀል ሠርቻለሁ። አሮጌ ብር ገዝቼ አቅልጫለሁ። ሰሞኑን እናንተ ወጣቶች የአያት ሜዳይ ይዛችሁ መምጣት አብዝታችኋል። «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ «ምን ሠርቶ ነው የተሸለመው?» እላለሁ። አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ያ ዝምታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። 1977 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ወሎ ላይ የሆነውን ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። እኔ ገና ልጅ እግር ነኝ፤ ሱቁ የአጎቴ ነበር። አንዲት ነጠላዋ ያለቀ እናት ገባችና ከመቀነቷ ፈትታ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የብር ሜዳይ ነው። የንጉሡ ምስል አለበት። ሪባኑ ደብዝዞ ጫፉ ተተልትሏል። «የባለቤቴ ነው። እሱ አርፏል፤ ልጆቹ ይብሉበት» አለች። መዘንኩት። በግራም አስቤ ከፈልኳት። ሪባኑን በመቀስ ቆርጬ መሬት ጣልኩት። ሜዳዩን ማታውኑ አቀለጥኩት፤ በሳምንቱ ጉትቻ ሆኖ ተሸጠ።

ከ9 ዓመት በኋላ ልጇ መጣ። እናቱ ከመሞቷ በፊት የሱቁን ቦታ ነግራው ነበር። በእጁ አራት ላይ የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። «ሜዳዩ ካለ ልግዛው» አለኝ። የለም አልኩት። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። አባቱ ኮሪያ የዘመተ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው። በአንድ ሌሊት፣ ሞርታር እየዘነበ፣ ሦስት ጊዜ ወጥቶ የተበጠሰ የስልክ ሽቦ ቀጥሏል። ሽቦው ባይቀጠል ከፊት ያለው ጦር ከኋላ ካለው መድፍ ጋር መነጋገሪያ አልነበረውም። ልጁ አባቱን የሚያውቀው የስልክ ሠራተኛ ነበር ብሎ ነው። ሰውየው ስለ ኮሪያ አንድም ቀን ቤቱ ውስጥ አላወራም። ልጁ አልተቆጣኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ለማን ሸጥከው?» ብቻ አለኝ። ያንንም አላስታወስኩም።

ዝም ያለው እሱ ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ እየተተካካ ኮሪያ ላይ ተዋግቷል። ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ ከ500 በላይ ቆስሎበታል፤ አንድም ሰው አልተማረከበትም። ደርግ ግን እነሱ የተዋጓት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበር። ስለዚህ ብዙ ዘማቾች በዚያ ዘመን ሜዳያቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ተቀመጡ።

ሜዳይ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ሥራ የሚሰጥ አለ፤ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለአንድ ሰዓት ሥራ። የጀብዱ ሜዳይ የሚባለው ይሄ ነው። የአሁኑ ሠራዊታችን የሚሸልማቸው የአድዋ ድል ሜዳይና የላቀ የጦር ሜዳ ጀብዱ ሜዳይ ከዚህ ወገን ናቸው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የተዋጋው አብራሪ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትታ ተማርኮ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስሯል፤ የዘመኑን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸልሟል። እንዲህ ያለ ሽልማት ሲሰጥ ከጀርባው «ይህን አደረገ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያየ መስክሯል፤ አዛዥ ጽፎ ፈርሟል።

በዘመቻው ለተገኘ ሁሉ የሚሰጥም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ሜዳይ በአብዛኛው 90 ቀን ያገለገለ ሁሉ የሚያገኘው ነው። ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ በሁለቱ ሱዳኖች መካከል ያለችው አብዬ የሄዱ ልጆቻችን ደረት ላይ የምታዩት እሱን ነው። የሪባኑ ቀለም እንደ ተልዕኮው ይለያያል፤ ሪባን የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ የት እንደ ነበሩ ይነግራችኋል። የኮሪያው ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር አለው፤ ለእኛ ዘማቾች የተሠራው ደግሞ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። በተልዕኮ ላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚሰጠው የዳግ ሐመርሾልድ ሜዳይ ጭራሽ ብረት አይደለም። የእንቁላል ቅርጽ ያለው ክሪስታል ነው። ለረጅም ዘመን አገልግሎት የሚሰጥም አለ፤ ኒሻን ደግሞ ሌላ ነው፣ ባለ ደረጃ ነው፣ ለመሳፍንትም ለውጭ እንግዳም ይሰጥ ነበር። በእነዚህ ብዙ አልቆይም።

አንድ የሰፈራችን ልጅ የአጎቱን የአብዬ ሜዳይ ፎቶ አንስቶ «በጀግንነት የተሸለመ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። አጎቱ ደውሎ ፎቶውን ከፌስቡክ አስነሳው። «በጀግንነት የተሸለመውን ጓደኛዬን አውቀዋለሁ፤ እኔ አይደለሁም» አለው። ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። አብዬ ሙቀት ላይ የከረመበት ወራት በራሱ ክብር አለው፤ የሌላውን መዋስ አያስፈልገውም።

ዋጋውን በብረቱ አትለኩት። የእንግሊዝ የመጨረሻው ትልቅ የጀግና ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ነሐስ ነው። ብር ሠሪ ሆኜ እነግራችኋለሁ፣ በክብደቱ ቢሸጥ ምሳ አያበላም።

እኛ አገር ሜዳይ ሳይመጣም ሽልማት ነበር። የአንበሳ ጎፈር፣ ለምድ የሚባለው የጀግና ካባ፣ ቢተዋ የሚባለው የብር የክንድ አምባር፣ በብር የተለበጠ ጋሻ። እዚህ ደሴ፣ በንጉሥ ሚካኤል ከተማ፣ የእኔ ሙያ አባቶች ያንን ሲሠሩ ኖረዋል። የሚያስቀናኝ ግን ብሩ አይደለም። ሰውየው በጌታው ፊት ቆሞ እየፎከረ የዋለበትን ራሱ ይናገር ነበር። አብረውት የዋሉት ቆመው ይሰማሉ። ልጆቹም ይሰማሉ። ሽልማቱና ታሪኩ አንድ ቀን ይወለዱ ነበር።

አንዴ ደግሞ የኮምቦልቻ ልጅ መጣ። «ቅድመ አያቴ አርበኛ ነበሩ፣ ይሄ የአርበኝነት ሜዳያቸው ነው» አለኝ። አጽድቼ ሳየው ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው። የጣሊያን ሜዳይ ነው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ባንዳ ማለት ነው? አለኝ። ዝም ብለህ አትፍረድ፣ በዕድሜ የገፋ ዘመድ ካለ ሂድና ጠይቅ አልኩት። 1933 ዓ.ም. ላይ ጣሊያን ኮምቦልቻ በር ላይ ተሸንፎ ሲወጣ ብዙ ነገር ጥሎ ሄዷል፤ የተነጠቀም፣ የተገኘም ሊሆን ይችላል። በወሩ ተመልሶ መጣ። አያቱ ነግረውታል። ቅድመ አያቱ የጣሊያን መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ሜዳዩን የሰጣቸው ጣሊያን ነው። ሌሊት ሌሊት ግን በገለባ ጆንያ ጥይት እየደበቁ ለጫካ ያቀብሉ ነበር። ውስጥ አርበኛ ማለት ነው። እኚያ አያት ሳይጠየቁ ቢያልፉ ኖሮ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ወይ በማይገባ ነገር ይኮራ ነበር፣ ወይ በማይገባ ነገር ያፍር ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ዛሬውኑ ጠይቁ። ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። መቼ ነው? የት ነው? ማን አብሮህ ነበር? ምን አድርገህ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቴ ዝም ይሏችኋል፤ በሦስተኛው ቡና ሲፈላ ይናገራሉ። የተሰጣቸው ወረቀት ካለ ፎቶ አንሱት፣ ኮፒውን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ደሴ የሆነውን አይታችኋል፤ የብዙ ሰው ቤት ተዘርፏል፣ ሙዚየማችንም ተዘርፏል። ከብረቱ ይልቅ የወረቀቱ ያንገበግበኛል። ሜዳይ ይተካል። የመሰከሩት ሰዎች ሞተዋል።

በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ፊደሉን ይበላዋል። ሪባኑንም አትጠቡት፣ ከፀሐይ ብቻ አርቁት። የማንጠልጠያው ቀለበት ከተነቀለ አምጡልኝ፤ እበይድላችኋለሁ፣ ለዚህ ሥራ ሳንቲም አልቀበልም። ስትመጡ ግን ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። ወረቀት ከሌለ አያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር አለኝ።